ስድስት እናቶች

ጎንደር፣ ኅዳር 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዘርፈሽዋል፤

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ በሙሉ ጤና ያግኝዎት። እኔና ልጄ ስምረት፣ የሰማይ አምላክ ይመስገንና፣ ቆመን እንሄዳለን።

እርስዎ እኔን አያውቁኝም። አልጣሽ እባላለሁ፤ የብዙዬ ልጅ ነኝ። አያቴ ጌጥነሽ የእናትዎ ታላቅ እህት ነበረች። የጎረቤቴ ወንድም ሀይለማርያም እዚያው አሜሪካ፣ አውሮራ ታክሲ ይነዳል። ከእህቱ ጋር በስልክ ሲያወራ፣ «እዚህ አንዲት የወገራ ሴት አለች፣ ግንባሯ ላይ መስቀል የተነቀሰች፣ ዘርፈሽዋል የሚሏት» ሲል ሰማሁና ደነገጥኩ። እናቴ ስምዎን ሳታነሳ የምትውልበት ቀን አልነበረም።

ነገሬን ላሳጥር። መንደራችንን ትተን ጎንደር ከገባን አሥራ ሰባት ዓመት ሆነን። እስራኤል ለመሄድ የሚጠብቁ ሰዎች በሚኖሩበት ሠፈር በኪራይ ቤት ነን። ወንድሜ አበበ በሚስቱ በኩል ተፈቅዶለት ከሄደ አምስት ዓመቱ ነው። ከዚያ በሩ ተዘግቶ ነበር፤ ዘንድሮ እንደገና ይከፈታል እየተባለ ነው። ቃለ መጠይቅ ስገባ የተጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ «የእናትሽ እናት እናት ማን ናት? ቤተ እስራኤል መሆኗን ማን ይመሰክራል?» አባቶቼን እስከ አሥራ ሁለት ቆጠርኩላቸው። ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ «አባት አልጠየቅኩሽም» አለኝ። ሽማግሌያችን አቶ ንዋይም የሚያውቁት የአባት ቆጠራ ብቻ ነው። የሴቶቹን ስም የያዘ የለም። ጌጥነሽን በዓይኑ ያየ፣ እናቷንም የሚያውቅ ሰው በሕይወት ቢኖር እርስዎ ብቻ ነዎት።

ስለዚህ ፊርማዎና ፎቶግራፍዎ ያለበት፣ የእዚያ አገር ማኅተም ያረፈበት አንድ የምስክርነት ወረቀት እንዲጽፉልኝ እለምንዎታለሁ። ገንዘብ አልጠይቅዎትም።

ዕድሜዎ ይርዘም።

የማያውቁት ልጅዎ አልጣሽ


አውሮራ፣ ጥር 28 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአልጣሽ፤

ደህና ነኝ። አንቺም ደህና ሁኚ።

ደብዳቤሽን ራሴ ነኝ ያነበብኩት። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ እዚህ ከተወለዱ ሕፃናት ጋር በትንንሽ ወንበር ተቀምጬ። ሔቨን የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ «እማማ፣ ዛት ኢዝ ሮንግ!» እያለች ታርመኝ ነበር። ከዚያ በፊት የመጣልኝን ወረቀት ሁሉ ሌላ ሰው እያነበበልኝ፣ የፈለገውን እየዘለለ ነው የኖርኩት። ስለዚህ በስልክ አትፈልጊኝ። የምትይውን ጻፊው። ቀስ ብዬ አነባለሁ፣ ግን አልዘልም።

ብዙዬ ስሜን ታነሳ ነበር አልሽ። አባቷ ወልደገብርኤል ያደረገውንስ ነግራሽ ነበር?

ወልደገብርኤል የክርስትና ስሙ ነው። መሬት ለማግኘት ተጠመቀ። እኛ መሬት አይሰጠንም ነበር፤ ሸክላ እየሠራን፣ ብረት እየቀጠቀጥን ነበር የምንበላው። መጠመቁን አልፈረድኩበትም፤ ሰው ማረስ ይፈልጋል። ግን በአንድ የማክሰኞ ገበያ፣ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ እናቴ ማሰሮና ገንቦ ዘርግታ ተቀምጣ ሳለ መጣ። አዲሶቹ ጎረቤቶቹ አብረውት ነበሩ። አንዱ «ያችውልህ የሚስትህ እህት፣ አትስማትም?» ብሎ ሳቀ። አያትሽ ምን አለ መሰለሽ? «እኔ ቡዳ ዘመድ የለኝም» አለና ማሰሮዎቹን በእግሩ ሰበራቸው። አንድ በአንድ። የሁለት ወር ሥራችን ነበር። እናቴ ስብርባሪውን በነጠላዋ ሰብስባ ተሸከመችው፤ ለምን እንደምትሸከመው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አሁን የእሱ የልጅ ልጅ ቤተ እስራኤል ነኝ ትለኛለች። እሱ የተፋውን ልታነሱ ተሰልፋችኋል። እኔ ደግሞ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነኝ፤ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፤ ባሌ ሀብቱ ሃያ ስምንት ዓመት አብሮኝ ሲኖር ከማን እንደተወለድኩ አያውቅም። ተለዋውጠናል፣ አልጣሽ። ያንቺን እኔ ይዤዋለሁ፤ የእኔን ደግሞ አንቺ ትፈልጊዋለሽ።

ቃሌን ሰጥቼ ማኅተም ባስመታ ነገ ሀይለማርያም ታክሲው ውስጥ ያወራዋል፤ ከነገ ወዲያ ፒዮሪያ መንገድ ላይ ያለ ሐበሻ ሁሉ ይሰማዋል። አልጽፍም። ግንባሬ ላይ ያለውንም ማንም አያንሳብኝ።

ዘርፈሽዋል


ጎንደር፣ መጋቢት 30 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዘርፈሽዋል፤

አምላክ ጉልበትዎን ያጽናው፤ ያለፈውን ክረምት ያሳለፈ የሚመጣውንም ያሳልፍዎ።

ስለ ማሰሮዎቹ አልሰማሁም ነበር። አልከራከርዎትም። የተሰበረውን እኔ አልጠግነውም። አያቴ በዚያ ያገኘውን እርሻም ኋላ «የፈላሻ ዘር መሬታችንን ያዘ» ብለው ወሰዱበት። እኔ የማስታውሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሌላ ሰው በሬ እርሻውን ሲያርስ ሲያይ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎት፤ ከዚያ ወዲያ አልለምንዎትም።

እናቴ ብዙዬ የሞተችው ጎንደር በገባን በስድስተኛው ዓመት ነው። ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቻችን፣ «እስራኤል እሄዳለሁ ስትል የኖረች ናት፣ ከእኛ ጋር አትቀበርም» አሉ። አብረውን የሚጠብቁት ደግሞ፣ «ፋይሏ አልተፈቀደም፤ ማን እንደሆነች ሳይታወቅ መቃብራችን አናስገባም» አሉ። አስከሬኗ አንድ ቀን ተኩል ቤት ዋለ። በመጨረሻ ወንዝ ዳር፣ ማንም በማይፈልገው መሬት፣ ባሕር ዛፍ ሥር ቀበርናት። ስምረት ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። «እማዬ፣ አያቴ የማን ናት?» አለችኝ። አሁን አሥራ ስድስት ሆናለች፤ እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም።

እዚያ አገር ወርቅ ይነጠፍልኛል ብዬ አይደለም። አበበ የዶሮ ማረጃ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። ልጆቹ ትምህርት ቤት «ሂዱ ወደ አገራችሁ» እንደሚባሉ ነግሮኛል፤ እኛም እዚህ የምንባለው ያንኑ ነው። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ስሞት የት እንደምቀበር ማንም እንዳይከራከርብኝ፤ ስምረትም እንደኔ ሬሳ ታቅፋ እንዳትለምን።

ልጅዎ አልጣሽ


አውሮራ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአልጣሽ፤

ለስምረትም ሰላምታ አድርሺልኝ።

የምጽፈው ስላዘንኩልሽ አይደለም። የብዙዬን መቃብር ካነበብኩ ወዲህ ሥራዬ ላይ ዕቃ ከእጄ እየወደቀ ስላስቸገረኝ ነው።

ሥራዬ ፓርክ ሂል የሚባል ሠፈር ነው። አንዲት ዘጠና ዓመት ያለፋት አይሁዳዊት አጥባለሁ፣ አበላለሁ። ማድ ቤቷ መስኮት ላይ ሰማያዊ ቆርቆሮ ሣጥን አለ፤ ሳንቲም ትጨምርበታለች። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። እስራኤል ውስጥ ዛፍ ይተከልበታል አለችኝ። «አንቺስ ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «እኔ? በዚያ ሙቀት?» ብላ ሳቀች። ከፈለገች ነገ ትገባለች፤ በሩ ለሷ ክፍት ነው፤ ግን መስኮቷ ሥር ተቀምጣ ዛፍ ትልካለች። አንድ ቀን እግሯን እያጠብኩ፣ «አይሁዳዊት መሆንሽን ማን መሰከረልሽ?» አልኳት። «ፖላንድ ሳለን አባቴን ሊወስዱ የመጡት ሰዎች» አለችኝ። «እነሱ ወረቀት አልጠየቁንም።»

ይህ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ለሷ የመሰከሩላት ጠላቶቿ ናቸው። ኋላ አገር ሲቆም፣ በዚያው ምስክርነት በሩ ተከፈተላት። እኛንም ጎረቤቶቻችን ቡዳ፣ ካይላ፣ ማታ ጅብ የሚሆኑ እያሉ መስክረውብን ነበር። የእኛ ጠላቶች ቃል ግን እዚያ ቢሮ አይቆጠርም። ሁለት ሺህ ዓመት አገር ያጣ ሕዝብ አገር ሲያገኝ በር ማበጀቱን አልነቅፍም። ማንም ያበጃል። እኔን የሚያቃጥለኝ፣ ተራራ ላይ ወጥተን ወደዚያ ስንሰግድ ኢየሩሳሌም በር እንዳላት የነገረን አለመኖሩ ነው።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልመለስ።

ሴቶች የወር አበባ ሲመጣብን ከመንደሩ ወጥተን የምንቀመጥበት የመርገም ጎጆ ነበረን፤ ዙሪያውን በድንጋይ የተከበበ። ወንድ ድንጋዩን አያልፍም። ምግብ አምጥተው ድንጋዩ ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ። ቄሶቻችን ለጋብቻ እስከ ሰባት ትውልድ ሲቆጥሩ በአባት ነው። ጎጆው ውስጥ ግን እናቶቻችን ሌላ ቆጠራ ነበራቸው፤ ማን ከማን ማሕፀን እንደወጣች። ለወንዶቹ አይነግሩም፤ ወንዶቹም አልጠየቁም። አቶ ንዋይ ባያውቁ አይፈረድባቸውም።

አያትሽን ጌጥነሽን ባሏ እህቷን እንዳታይ ከልክሏት ነበር። ታዲያ የት ትመጣ እንደነበር ታውቂያለሽ? እዚያ ጎጆ። ወልደገብርኤል ክርስቲያን ቢሆንም ያንን ድንጋይ ማለፍ እንደማይደፍር ታውቃለች። እንጨት ልለቅም ብላ ትወጣና ከእናቴ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ይቀመጣሉ። በየወሩ፣ ዘጠኝ ዓመት። እኔ መጀመሪያ የገባሁ ዕለት ሁለቱም ነበሩ። ስሞቹን ያስቆጠሩኝ እነሱ ናቸው። ስሳሳት ጌጥነሽ ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ ነበር።

አልጣሽ ከብዙዬ፣ ብዙዬ ከጌጥነሽ፣ ጌጥነሽ ከትርንጎ፣ ትርንጎ ከዝማም፣ ዝማም ከእናኑ።

ካንቺ ስጀምር ስድስት ነው። ሰባት አልሞላልኝም። ከእናኑ በላይ ያለችውን እናቴ ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት ጀምበር ገባች፤ ቀኗ ሞልቶ ስለነበር ታጥባ ወደ ቤት መመለስ ነበረባት። «በሚቀጥለው ወር» አለችኝ። በሚቀጥለው ወር ሌላ ወሬ አወራን።

ይህን ሁሉ በምስክርነት ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ዳውንታውን ወርጄ ማኅተም አስመትቼዋለሁ። ፎቶዬም አለበት። ለሀብቱ አልነገርኩም። ሀይለማርያም እንዳይሰማ።

ዘርፈሽዋል


ጎንደር፣ ኅዳር 25 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዘርፈሽዋል፤

የሰጡኝን ስሞች ያህል በረከት በርስዎ ላይ ይውረድ። ስምረት ደብዳቤዎን በቃሏ ይዛዋለች።

የስግድን በዓል ተራራ ላይ አክብረን በወረድን በሦስተኛው ቀን ቢሮ ጠሩኝ። ሰውዬው ወረቀትዎን ሁለት ጊዜ አነበበው። የጎጆው ነገር ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። «ይህን ሊፈጥር የሚችል ሰው የለም» አለ። ደስታዬ ደቂቃ አልሞላም። ገጹን ገለጠ፤ ፎቶዎን አየ፤ ጣቱን ግንባርዎ ላይ አሳረፈ።

«ምስክርሽ ክርስቲያን ናት» አለኝ።

«ዘመዴ ናት» አልኩት።

«መስቀል ግንባሯ ላይ ነቅሳ ስለ አይሁድ ዘር ትመሰክራለች? ይህን ለበላዮቼ ምን ብዬ ላቅርበው?»

ፋይሉን ግን አልዘጋውም፤ እስከሚቀጥለው ዙር ማብራሪያ አምጪ ብሎኛል። እትዬ፣ ማንም አያንሳብኝ እንዳሉ አልረሳሁም። ሳላነሳው ማለፍ ብችል ባላነሳሁት ነበር። ለምን እንደተነቀሱ ሁለት መስመር ይጻፉልኝ።

ልጅዎ አልጣሽ


አውሮራ፣ የካቲት 3 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለአልጣሽ፤

ሁለት መስመር አይበቃውም።

በ1976 ከእናቴ ጋር ወደ ሱዳን ስንጓዝ፣ ፈላሻ መሆናችን ከታወቀ መንገድ ላይ ይገድሉናል፣ ስደተኞቹ ሠፈር ውስጥም ይለዩናል ተባለ። እናቴ አንዲት ነቃሽ ጋ ወሰደችኝ። ራሷ አልተነቀሰችም። «እኔ አርጅቻለሁ፣ አንቺ ትረፊ» አለች። መርፌው ሲወጋኝ እንዳልጮህ እጄን ይዛ ስሞቹን ታስቆጥረኝ ነበር።

ተረፍኩ። ሠፈሩ ውስጥ ስምንት ወር ተቀመጥን። ከዚያ የእኛው ልጆች፣ ዝርዝር የያዙ፣ ጀምበር ስትጠልቅ በየድንኳኑ እየዞሩ ቤተሰብ እየጠሩ ወደ መኪና መውሰድ ጀመሩ። ወደ ኢየሩሳሌም ነው ተብሎ በጆሮ ይወራ ነበር። እናቴ በተቅማጥ ደክማ ተኝታለች። ተራችን ደረሰ። ልጁ የእጅ ባትሪውን ፊቴ ላይ አበራ። «እነዚህ ክርስቲያን ናቸው» አለው ለጓደኛው። «አይደለንም! እናቴን ጠይቃት!» አልኩት። እናቴ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ድምፅ አልወጣ አላት። ትርንጎን ጠራሁለት፣ ዝማምን ጠራሁለት። «ሴትዮ፣ የአባትሽን ስም» አለኝ። የአባቴን ስም ነገርኩት፤ ዝርዝሩ ላይ የለም። መኪናው ሄደ። እናቴ በሦስተኛው ቀን ሞተች።

እኔን ኋላ አንድ የክርስቲያን ድርጅት እዚህ አውሮራ አጠገብ፣ ዴንቨር አመጣኝ። ግንባሬን አይተው ሳይሆን አይቀርም የመረጡኝ።

የራሴ ሰዎች ከደጅ መለሱኝ፣ አልጣሽ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ስለዚያ አገር ዜና ሲመጣ ቴሌቪዥን አጠፋለሁ። አሁን ያው መስቀል አንቺንም ከመኪናው ሊያስወርድሽ ነው። ማብራሪያ ጽፌ ማኅተም አላስመታም። ያኔም አብራርቼ ነበር፤ የሰማኝ አልነበረም። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ በሌዘር የሚያጠፉ አሉ። አስጠፋዋለሁ። በዓመቱ መጨረሻ ንጹሕ ግንባር ያለበት ፎቶ እልክልሻለሁ።

ዘርፈሽዋል


ጎንደር፣ መጋቢት 19 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዘርፈሽዋል፤

ሰላምታዬን ለማስረዘም ጊዜ የለኝም፤ ይቅር ይበሉኝ። እባክዎ አያስጠፉት!

ደብዳቤዎን እንዳለ ወስጄ ለሰውዬው አስነበብኩት። ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ። እሱም በልጅነቱ በዚያው መንገድ የሄደ ነው፤ እናቱ እዚያው ሱዳን ነው የተቀበረችው። «ይህ መስቀል ራሱ ምስክር ነው» አለኝ። «ይህንኑ ቃል ማኅተም አስመትታ ትላክልኝ። ፎቶው ያው ይሁን፣ መስቀሉ በደንብ ይታይ። ፋይሉን እኔ ራሴ ይዤው እገባለሁ።»

ስልክ ቁጥርዎን አልሰጡኝም። በሀይለማርያም በኩል እንዳላስነግርዎት ምስጢርዎን ፈራሁ። ስለዚህ ዛሬውኑ ፖስታ ቤት እየሮጥኩ ነው። ግንባርዎን አያስነኩ።

አልጣሽ


አውሮራ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለአልጣሽ፤

እንኳን አዲሱን ዓመት አየሽ። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቃል አልጻፍሽልኝም። የልብሽን ካደረስሽ በኋላ ዝም ማለት የቤታችሁ ነው ብዬ ነበር፤ ይሁን።

አለቀ። ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። ሌዘሩ ሲያቃጥለው የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ ከዚያ ያብጣል፣ ከዚያ ይላጣል። አሁን ነጣ ያለ ቆዳ ብቻ ነው የቀረው። አዲሱን ፎቶ ከአዲስ ምስክርነት ጋር አድርጌ ልኬልሻለሁ፤ ግልባጩን በቀጥታ ለቢሮው ልኬዋለሁ።

ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ በሻሽ ሸፈንኩት። አንድ እሑድ ሻሼ ተንሸራተተ። «ዘርፈሽዋል ጴንጤ ሆነች!» ተባለ። ሳምንት ሳይሞላ ማኅበሩ ጽዋውን ከኔ አሳለፈ። ሀብቱ ቤት መጥቶ፣ «ጴንጤ ከሆንሽ ንገሪኝ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አለ። ሰለቸኝና ነገርኩት። ሁሉንም። መጀመሪያ ሳቀ። ቀልዴን መስሎት ነው። ከዚያ ሳቁን አቆመና ፊት ለፊቱ ያለውን ሳህን አየው። ወጡን እኔ ነኝ የሠራሁት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት እኔ የሠራሁትን ሲበላ ኖሯል። ሳህኑን በቀስታ ወደኔ ገፋው። «አልራበኝም» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሥራ ሲመጣ ፒዛ ይዞ ነው የሚገባው።

ልጄ አቤል በስልክ ሲሰማ ምን አለ መሰለሽ? «ማም፣ ሶ አይም ጁዊሽ? ዛትስ ኩል።» አይሁዳዊ ከሆንኩ አሪፍ ነው ማለቱ ነው። ኩል አለ! እናቴ የሞተችበትን ነገር ኩል አለኝ። አልተቆጣሁትም። ከሰሙኝ ሰዎች መካከል ያልሸሸኝ እሱ ብቻ ነው።

አሁን አውሮራ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን ነኝ። አንቺ ግን ግቢ። ስትገቢ ጻፊልኝ።

ዘርፈሽዋል


ጎንደር፣ የካቲት 21 ቀን 2010 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዘርፈሽዋል፤

አምላክ ብቻዎን አይተውዎት።

የመጋቢቱ ደብዳቤዬ አልደረሰዎትም? እባክዎ አያስጠፉት ብዬ ነበር የጻፍኩት። ደርሶዎት ቢሆን ኖሮ አያደርጉትም ነበር፤ እሱን አውቃለሁ።

ያ ደግ ሰውዬ ክረምቱ ሲያልቅ ወደ አገሩ ተመለሰ። በቦታው የመጣው ወጣት ነው። ፋይሌን ሲከፍት ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አገኛቸው። አንድ ስም፣ አንድ ፊርማ፤ አንዷ መስቀል ያላት፣ አንዷ የሌላት። «እነዚህ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ አንዲት ሴት ከሆኑም ለማታለል ግንባሯን ያጠበች ናት» አለ። «የቱን ቃሏን ልመን?» ደብዳቤዎን ላስነብበው ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። ማኅተም የሌለው ወረቀት አያነብም። ሐሰተኛ ሰነድ አቅርባለች ብሎ ጽፎ ፋይሉን ዘጋው። ይግባኝ እንደሌለውም ነገረኝ።

አበበ ሲደውል አልነገርኩትም። ስምረት ግን አብራኝ ነበረች፣ ሰምታለች።

እትዬ፣ አልቀየምኩዎትም። ለኔ ሲሉ ፊትዎን ያቃጠሉ ሰው ነዎት፤ እናቴም ይህን አላደረገችልኝም። ከእንግዲህ ግን ለቢሮው ምንም አይላኩ።

ልጅዎ አልጣሽ


አውሮራ፣ ሰኔ 2 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለአልጣሽ፤

እንደ ብዙዬ እህት ሆኜ እስምሻለሁ። ይህን ቀድሜ ማለት ነበረብኝ።

የመጋቢት ደብዳቤሽን ትናንት አነበብኩት። የቀረውን ልብሴን ልወስድ ሀብቱ ቤት ሄጄ፣ የሱ ጃኬት ኪስ ውስጥ አገኘሁት። አልተከፈተም። «ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት። ወለሉን እያየ፣ «የጎንደር ወረቀት መምጣት ከጀመረ ወዲህ ነው ፊትሽን ማቃጠል የጀመርሽው» አለኝ። «ሌላ ከደረሰሽ ጨርሰሽ ታጠፊዋለሽ ብዬ ነው። መስቀሉ እንዳይጠፋ ብዬ ነው፣ ዘርፌ።» ደብዳቤው ምን እንደሚል ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እያነበብኩ ሳለ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ከፍቶት ቢሆን ኖሮ እሱም የፈለገውን ያገኝ ነበር፣ አንቺም።

በሱ ግን አላሳብብም። ሁለት መስመር ጻፊልኝ ብለሽ ለምነሽኝ ነበር። ማብራሪያ አልጽፍም ያልኩት እኔ ነኝ። ያ ባትሪ የያዘ ልጅ ስላልሰማኝ፣ ሌላ የሚሰማ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ስልኬንም ከልክዬሽ ነበር። ቁጥሩን ፖስታው ጀርባ ላይ ጽፌልሻለሁ፤ አሁን ምን እንደሚያደርግልሽ ባላውቅም።

ፓርክ ሂል ያለችው አሮጊት በሚያዝያ ሞተች። እዚሁ ዴንቨር ከባሏ አጠገብ ቀበሯት። የማን ናት ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ልጇ ሰማያዊውን ሣጥን ሰጠችኝ፣ «እሷ ትወድሽ ነበር» ብላ። ሣጥኑ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ምን እንደማደርገው አላውቅም። የኔን ስም ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ እድር ሰርዘውታል። አንቺ የፈራሽውን አሁን ሁለታችንም እንፈራዋለን፤ በዚህስ በእርግጥ ዘመዳሞች ሆንን።

ለስምረት አንድ ነገር አለኝ። ማኅተም የለውም፣ የትም አያስገባትም። ስሞቹን ካንቺ ስጀምር ስድስት ነበሩ፤ ሰባት ስላልሞላልኝ አፍር ነበር። ከእናኑ በላይ ያለችውን ስፈልግ ስንት ዓመት ወደ ላይ ስቆጥር ኖርኩ። ትናንት ደብዳቤሽን አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ከሷ ጀምሬ ቆጠርኩት፦

ስምረት፣ አልጣሽ፣ ብዙዬ፣ ጌጥነሽ፣ ትርንጎ፣ ዝማም፣ እናኑ።

ሞላ።

እኔ ያለኝ ወንድ ልጅ ብቻ ነው፤ በሱ አያልፍም። በኔ በኩል ያለው እኔ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ያንቺን ቆጠራ አስይዣት። የወንዙ ዳር መቃብር ጋ ውሰጃትና እዚያ ትቁጠረው፤ ብዙዬ የማን እንደሆነች ጠይቃሽ አልነበር? ስትሳሳት ጆሮዋን ቆንጥጪያት። ጌጥነሽ እንዲያ ነበር የምታደርገው።

ዘርፈሽዋል